ስለ ጥርስ መነቀልና ስለ ትዕግሥት

ታማሚ ሰው ሕመሙን በመድኃኒት ማስታገሥ ይገባዋልን፣ ወይስ ከላይ እንደ ተላከ ተግሣጽ ቆጥሮ በዝምታ ሊቀበለው ይገባዋል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በታላላቅ ደዌያት ዘንድ፣ ነፍስ ከሥጋ ልትለይ በተቃረበችበት አልጋ አጠገብ ነው። በዚያ ስፍራ ግን የሞት ፍርሃት፣ የዘመድ ልቅሶና የካህን ጸሎት በአንድነት ተደባልቀው ልቡናን ስለሚያውኩት፣ ሰው ስለ ሕመም ብቻ አስቦ የቀና ፍርድ ለመስጠት ይቸገራል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ረጋ ብሎ ለመመርመር የሚሻ ሁሉ፣ ከሞት ደጃፍ ራቅ ያለ፣ ነገር ግን ንጉሡንም ድኻውንም፣ መነኩሴውንም ወታደሩንም ያለ አድልዎ የሚያስጨንቅ አንድ የታወቀ ሕማም ቢመርጥ መልካም ይመስለኛል፤ እኔም ለዚህ የመረጥሁት የጥርስን ሕመም፣ ይልቁንም ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናትና ሌሊቶች የሚመጣውን ሕመም ነው። ብዙዎች ይህን ለሐኪም ብቻ የተተወ፣ ለሊቅና ለፈላስፋ የማይገባ ተራ ነገር አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሆኖም ከቤተ ክርስቲያን ታላላቅ መምህራን አንዱ ስለዚሁ ሕመም ለመጻፍ አላፈረም።

አውግስጢኖስ የንግግር መምህርነቱን ትቶ፣ ገና ጥምቀትን ሳይቀበል፣ በ386 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመታት ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከእናቱ ከሞኒካና ከወዳጆቹ ጋር ከሚላኖ ከተማ ወጣ ብሎ በካሲሲያኩም የገጠር ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ መናገር እስኪሳነው ድረስ ጥርሱን ክፉኛ ታሞ እንደ ነበረ በኑዛዜው መጽሐፍ ዘጠነኛ ክፍል ይተርካል። አንደበቱ ስለ ተያዘ፣ አብረውት ያሉት ሁሉ ስለ እርሱ እንዲጸልዩ የሚለምን ቃል በሰም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሰጣቸው፤ ተንበርክከው መጸለይ በጀመሩ ጊዜም ሕመሙ ወዲያው ለቀቀው። ከራሱ ጋር እየተነጋገረ በጻፈው በሌላው የዚያ ወራት መጽሐፉ ደግሞ፣ ሕመሙ በጸናበት ሰዓት አዲስ ነገር መማር ፈጽሞ እንዳልተቻለው፣ ቀድሞ ያወቀውን ብቻ በአእምሮው እያመላለሰ እንደ ቆየ፣ ከሥጋ ሕመም የሚበልጥ ክፉ ነገር የለም ያለውን የሮማዊውን የኬልሱስን አሳብም አንዳንድ ጊዜ ለመቀበል እንደሚገደድ ሳይሸሽግ ይናገራል። በዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀኝ የሊቁ እውነተኛነት ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ የታደለ ሰው በአንዲት ጥርስ ምክንያት ማሰብ እንደ ተሳነው ሲመሰክር፣ ሕመም ሁልጊዜ ነፍስን ያነጻል፣ ሁልጊዜም ልቡናን ወደ ላይ ያነሣል የሚለውን የተለመደ አባባል ባይሽረው እንኳ ድንበር ያበጅለታል። ወዳጆቹም በተንበረከኩ ጊዜ የለመኑት ሕመሙ እንዲርቅለት ነበር፤ እንዲቆይለት የለመነ ከመካከላቸው አልነበረም።

ስማቸው በሐዋርያት ሥራ የተነሣው ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎች ግን ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፖሲዶንዮስ በሮዴስ ደሴት በመገጣጠሚያ ሕመም ተይዞ ሳለ የሮማው የጦር አለቃ ፖምፔዮስ ሊጎበኘው በመጣ ጊዜ፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ፣ ሕመሙ በተነሣበት ቁጥር ሕመሙን ራሱን እየተናገረ ክፉ መሆኑን ከቶ እንደማያምንለት ይነግረው እንደ ነበር ኪኬሮ ጽፏል። የሰውዬው ጽናት ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን ክፉነቱን በሥጋው እያወቀ በአፉ የሚክድ ሰው፣ ሕመሙን ያሸነፈ ቢመስለውም ከእውነት ጋር ተጣልቷል። ቅዱሳት መጻሕፍት ከዚህ ዓይነቱ ትምክሕት የራቁ ናቸው፤ ኢዮብ የተወለደባትን ቀን እስኪረግም ጮኸ፣ ዳዊት መኝታውን በእንባ አራሰ፣ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው ከእርሱ እንዲያልፍ ለመነ። ስለዚህ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሕመሙን ሕመም ብሎ ለመጥራት፣ ታምሜአለሁ፣ እርዱኝ ለማለት ማንንም ማፈር የለበትም።

ሕመም ክፉ ከሆነ ግን ቸር ፈጣሪ ስለ ምን በባሕርያችን ውስጥ አኖረው? ለዚህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ ቀርቦ የሚያስረዳ ምስክር በአገራችን አለ። በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሆስፒታል፣ ኋላም በ1965 ዓ.ም. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል በተቋቋመበት በዚያ ሰፈር፣ ጣቶቻቸው ያጠሩና እግሮቻቸው የቆሰሉ ብዙ ሕሙማን ኖረዋል። ሰው ሁሉ ደዌው ራሱ ጣትን እየበላ የሚጨርስ ይመስለው ነበር፤ በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከነዚህ ሕሙማን ጋር ብዙ ዘመን የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ግን፣ ደዌው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕሙማኑ እጃቸው በምድጃ ሲቃጠል፣ እግራቸውም በእሾህ ሲወጋ ሳይሰማቸው እንደሚቀርና ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካልተሰማው ቁስል መሆኑን አስረዳ። ሕመም የማይሰማው አካል ጠባቂ የሌለው አካል ነው። ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም የማያውቁ ጥቂት ሕፃናትም ምላሳቸውንና ከንፈራቸውን እየነከሱ እንደሚያቆስሉ ሐኪሞች ያውቃሉ። እንግዲህ ሕመም በተፈጥሮ ሥርዓት ውስጥ የተሰጠው ሹመት የመልእክተኛ ሹመት ነው፤ መልእክተኛ ደግሞ ቃሉ የሚሰማው መልእክቱ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ በደጅ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ የሚያድር ከሆነ ማሰናበት ይገባል እንጂ በእርሱ ጩኸት እንቅልፍ ማጣት ለላከው ጌታ የሚደረግ ክብር አይደለም።

በጥርስ ላይ ይህ ነገር በግልጥ ይታያል። የጥርስ ውጫዊ ልባስ ከአካላችን ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ነርቭም ስለሌለው ትሉ በላው የምንለው ጥርስ (ትል እንኳ የለበትም፤ በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው የሚሸረሽረው) ብዙ ወራት ያለ ድምፅ ይበሰብሳል። መበስበሱ በጥርሱ ልብ ውስጥ ካለው ሥጋ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ያ ሥጋ በጠንካራ ግድግዳ ተከቦ የሚያብጥበት ስፍራ ስለሌለው፣ ፊትን ሁሉ በሚያገለግለው በአምስተኛው የራስ ነርቭ በኩል ጩኸቱን ወደ ጆሮ፣ ወደ ዓይንና ወደ ናላ ይልከዋል። ይህ ጩኸት ተሰምቶ፣ ታማሚው ወደ ሐኪም ሄዶ፣ ጥርሱም ሊድን የማይችል ሆኖ ተነቅሎ ከወጣ በኋላ፣ መልእክቱ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሕመም የቁስሉ ሕመም ነው፤ የሚናገረውም አጭር ነገር ነው፤ በዚህ ስፍራ ቁስል አለና አትንካው የሚል። ይህን ሰምቶ የተጠነቀቀ ሰው ከሕመሙ የሚማረው ምንም ነገር አልቀረውም።

በዚህ ጊዜ ከሃይማኖት ወገን የሚነሣ ክርክር አለ፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። አበው ሕመምን ሸሹን? ይላሉ። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ድረስ በጸሎት ቆመው እንደ ነበረ ገድላቸው ይመሰክራል። በ249 ዓ.ም. በእስክንድርያ ከተማ ሕዝቡ በክርስቲያኖች ላይ በተነሣ ጊዜ አጶሎንያ የተባለችው አረጋዊት ድንግል ጥርሶቿን በግፍ ተሰባብራ ሰማዕትነትን እንደ ተቀበለች የዚያን ዘመን የእስክንድርያ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በመልእክቱ ጽፎ፣ አውሳብዮስ በታሪኩ አኑሮልናል፤ የምዕራብ ክርስቲያኖችም ስለዚህ ጥርስ በታመሙ ጊዜ ስሟን ይጠራሉ። ከሁሉም በላይ ጌታችን በጎልጎታ ሐሞት የተደባለቀበትን ወይን ቀምሶ ሊጠጣው አልወደደም፤ ያም መጠጥ የሚሰቀሉትን ሰዎች ሕማም ለማደንዘዝ የሚሰጥ እንደ ነበረ ብዙ ተርጓሚዎች ያስረዳሉ። እንግዲህ ጌታ ያልወደደውን እኛ ስለ ምን እንወዳለን? ይላሉ።

ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ በልቤ መርምሬዋለሁ። መልሱን ያገኘሁትም በዚያው በሕማማት ታሪክ ውስጥ ነው። ጌታችን ለራሱ ያን ጽዋ ሊጠጣ ያልወደደ፣ በዚያችው በተያዘባት ሌሊት የሊቀ ካህናቱ አገልጋይ ጆሮው በሰይፍ በተቆረጠ ጊዜ፣ ሊይዘው የመጣ ጠላት ሆኖ ሳለ፣ ዳስሶ ፈወሰው። ለራሱ የተወውን ለሌላው አልከለከለም፤ ወደ እርሱ ከመጡትም ሕሙማን አንዱን እንኳ ሕመምህ ይጠቅምሃልና ተመለስ ያለበት ስፍራ በወንጌል አይገኝም። የጻድቃን ተጋድሎም ሰው በፈቃዱ፣ በሥርዓትና በመንፈሳዊ አባት መሪነት ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው፤ የሰማዕታትም ሕማም ስለ እውነት ምስክርነት የተከፈለ ዋጋ ነው። በተበላሸ መንጋጋ ውስጥ ግን የሚመሰከር ሃይማኖት የለም፤ ያልተመረጠ ደዌም መሥዋዕት አይባልም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚለውን መልስ የተቀበለውም ከለመነ በኋላ ነው፤ ያው ሐዋርያ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠቀም መከረው።

መጽሐፈ ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ልባም ሰው እንደማይንቀው፣ ታማሚው አስቀድሞ ጸልዮ ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለመነኮሳት በሠራው ሥርዓት የሕክምና ጥበብ እንደ እርሻና እንደ ሽመና ሁሉ ለድካማችን የተሰጠ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስረድቶ፣ ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልንና ሐኪምን ፈጽሞ መናቅን እኩል ይነቅፋል፤ እርሱ ራሱም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለሕሙማንና ለድኾች ትልቅ መጠለያ አሠርቷል። ስንክሳራችን በኅዳር 22 የሚያስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስም ገንዘብ ሳይቀበሉ የሚያክሙ ሐኪሞች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የዮሐንስ አፈወርቅ ትርጓሜ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ሲተረጉም፣ እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንት ባወጣ ጊዜ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ የጣለበት ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ፣ ሕመም እንዳይሰማው፣ ሕመሙንም እያሰበ ከእርሱ በተገኘችው ሴት ላይ ቂም እንዳይዝ ነው ብሎ መለሰ። ይህ ቃል ከተነገረ ከ1400 ዓመት በላይ በኋላ፣ የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምሰን በ1847 ዓ.ም. ክሎሮፎርምን ለሚወልዱ ሴቶች መስጠት በጀመረ ጊዜ፣ ከመጽሐፍ ቃል ጋር ይጋጫል ብለው ለተነሡበት ሰዎች የመለሰው በዚሁ በአዳም እንቅልፍ ነበር። የማደንዘዣ ጥበብ ራሱ ወደ ዓለም የወጣው በአብዛኛው በጥርስ ሐኪሞች እጅ መሆኑም ሊታወስ ይገባል። ሆራስ ዌልስ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዲሴምበር 11 ቀን 1844 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ከተማ በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ደንዝዞ የራሱን ጥርስ በባልንጀራው አስነቀለ፤ ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን ሴፕቴምበር 30 ቀን 1846 ዓ.ም. አንድ ታማሚ በኤተር አስተኝቶ ጥርስ ነቀለለት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በቦስተን ሆስፒታል በሐኪሞች ፊት ይህንኑ ለቀዶ ሕክምና አሳየ። ከዚያ በፊት የነበረው ነቀላ ታማሚውን ጉልበተኞች ይዘውት፣ ጉጠቱም በጩኸቱ መካከል ሥራውን እየሠራ የሚፈጸም ነበር፤ በአገራችንም ብዙ ሽማግሌዎች በዚህ ዓይነት ጥርሳቸውን አስነቅለዋል። ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ከዛሬዎቹ ይልቅ ቅዱሳን እንደ ነበሩ የሚያስረዳ ምንም ነገር የለም።

እንግዲህ ማስታገሻን መውሰድ ኃጢአት ካልሆነ፣ ትዕግሥት የምትባለው ምግባር ጥርሱ ለተነቀለ ሰው ሥራዋ ምንድን ነው? በእኔ እምነት ሥራዋ ከሕመሙ ጋር ሳይሆን ከፈውሱ ጋር ነው። ጥርሱ በወጣ ጊዜ የቀረው ጉድጓድ ወዲያው በደም ይሞላል፤ ደሙም በደቂቃዎች ውስጥ ረግቶ የተገለጠውን አጥንትና ነርቭ ይሸፍናል። ያ የረጋ ደም ለዓይን የማያምር፣ ለምላስም የሚያስጸይፍ ቢሆን፣ ፈጣሪ ራሱ ያዘጋጀው የቁስሉ ፋሻ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእርሱ ላይ አዲስ ሥጋ ይበቅልበታል፣ ድዱ በሳምንታት ውስጥ ይገጥማል፣ አጥንቱም በወራት ውስጥ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ይህን ሥራ ለማፋጠን የሚችል የሰው እጅ የለም፤ ለማበላሸት ግን አንዲት ምላስ ትበቃለች። ሰውም ከሕመም ይልቅ ይህን አለመንካት ይከብደዋል፤ በምላሱ ይዳስሳል፣ በጣቱ ይጎረጉራል፣ በመስታወት ያያል፣ አፉ ንጹሕ እንዲሆን ብሎ እየተጉመጠመጠ ይተፋል፤ በዚህም ሁሉ ያን የረጋ ደም ከስፍራው ያነሣዋል። ትዕግሥት እንግዲህ እጅን ሰብስቦ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በጊዜው እስኪፈጸም ድረስ ስፍራውን መልቀቅ ናት፤ ይህችም ትዕግሥት ማስታገሻ ወስዶ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ትቀለዋለች እንጂ አትከብደውም፣ ሌሊቱን በጭንቀት የሚገላበጥ ሰው እጁን ከቁስሉ ማራቅ አይሆንለትምና።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚሰጡትን ትእዛዝ እኔ እንደ አንድ የመንፈሳዊ ሕይወት ሥርዓት አድርጌ አየዋለሁ። ከነቀላው በኋላ በቁስሉ ላይ የተደረገውን ንጹሕ ፋሻ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ነክሶ መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት አፍን አለመጉመጥመጥ፣ በኃይል አለመትፋት፣ በቀጭን መምጠጫ አለመጠጣት፣ ሲጋራም ሆነ አልኮል ያለበትን መጠጥ መተው፣ ሲተኙም ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ይገባል። በምራቅ የተቀላቀለ ጥቂት ደም ቢታይ አያስደነግጥም። በጉንጭ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እያደረጉ ማንሣት እብጠቱን ያቀልላል፤ እብጠቱም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጨምሮ ኋላ ይጎድላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ አፍን በዝግታ ማራስ ይጠቅማል፤ በዝግታ የሚለውን ቃል አንባቢ እንዳይዘነጋብኝ እለምናለሁ። ምግቡም ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ ሽሮና እርጎ ይሁን፤ ቆሎ፣ ሚጥሚጣና የሚያቃጥል ቡና ለጥቂት ቀናት ይቆዩ። ቁስል ያጸዳል ብለው አረቄ የሚይዙበት ሰዎች አሉ፤ አረቄ ግን አዲስ ሥጋን ያቃጥላል፣ ይህን ልማድ መተው ይገባል።

ማስታገሻውንም የማደንዘዣው መርፌ ኃይል ሳያልቅ፣ ሕመሙ ገና ሳይነሣ መጀመር ይሻላል፤ ከተነሣ በኋላ ማስተኛት ይከብዳልና። የቆሰለ ሥጋ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እርሱም ነርቩን ያስቆጣዋል፤ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ይህ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ በማገድ ሕመሙን በምንጩ ያደርቁታል፤ ይህንም እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን በ1971 ዓ.ም. በአስፒሪን ላይ አስረድቶ በ1982 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ጤነኛ አዋቂ ሰው 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ፣ ከእርሱም ጋር ፓራሲታሞል በቀን ከ4000 ሚሊግራም ሳያልፍ ቢወስድ፣ ሁለቱ ተባብረው ለብቻቸው ከሚያደርጉት የበለጠ ያስታግሡለታል። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ግን ኢቡፕሮፌንን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ። አስፒሪን ደምን ስለሚያቀጥን ለዚህ ቁስል አይመረጥም፤ ስለ ልቡ በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆመው፤ ክኒኑን በድድ ላይ ማስቀመጥም ሥጋውን ያቃጥለዋል።

በጾም ወራት ጥርሱን ያስነቀለ ሰው መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ለመውሰድ ቢጨነቅ፣ ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው የጾሙን ሸክም እንደሚያቀልል አስቦ ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር፤ በራሱ ላይ ከሕጉ የከበደ ሕግ አያውጣ። ስለ ጠበልም የሚጠይቁ አሉ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤች.አይ.ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሊያቆሙ ይገባልን የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታውቀዋል፤ ለዚያ ታላቅ ደዌ የተፈቀደው ለዚህ ታናሽ ቁስል አይከለከልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን እመጣለሁ፣ ትዕግሥትን ከስንፍና ለመለየት ማስተዋል የሚያስፈልገው በዚያን ቀን ነውና። በሥርዓቱ የሚድን ቁስል ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ይልቁንም በታችኛው መንጋጋ የመጨረሻ ጥርሶችና ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ዘንድ፣ የረጋው ደም ከስፍራው ይጠፋና አጥንቱ ተራቁቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቀንሶ የነበረው ሕመም ከመጀመሪያው በርትቶ ይመለሳል፣ ወደ ጆሮ ይዘልቃል፣ የአፍም ሽታ ይለወጣል። ይህ አዲስ መልእክት ነው፤ እንደ ቀድሞው በማስታገሻ ብቻ ዝም ሊያሰኙት አይገባም። ሐኪሙ ጉድጓዱን በዝግታ አጥቦ በማስታገሻ የተነከረ ፋሻ ያኖርበታል፤ በዚህ ፋሻ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚገባው መድኃኒትም እናቶቻችን በሻይና በቅመም ውስጥ ከሚያውቁት ከቅርንፉድ የሚወጣው ዘይት ነው፤ ከምድር የሚወጣውን መድኃኒት አስመልክቶ ሲራክ ያስተማረውን በዚህ ታናሽ ነገር እንኳ ማየት ደስ ያሰኛል። ትኩሳት፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ አፍን መክፈትና መዋጥ መቸገር ከታየ ደግሞ ነገሩ መርዝ የያዘ ስለ ሆነ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም፤ መተንፈስ የሚያውክ ከሆነማ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ በቤት የሚተኛ ሰው ትዕግሥተኛ ተብሎ ሊመሰገን አይችልም፤ የተላከለትን ቃል አልሰማም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከሁሉ ይልቅ በልቤ ያሉት ስለ ሕመማቸው የማይናገሩ ሰዎች ናቸው። በብዙ ቤቶቻችን ወንድ ልጅ በሕመም ሲያለቅስ ይነቀፋል፣ እናት ልጆቿ እንዳይጨነቁ ሕመሟን ትደብቃለች፣ በሰው ቤት የምታገለግል ልጃገረድም ጥርሷ ተነቅሎ በማግሥቱ እንጀራ እንድትጋግር ትታዘዛለች፤ እርሷም በምድጃው ሙቀትና ጢስ ፊት ጉንጯን ይዛ ትቆማለች። ሰው ለራሱ ማስታገሻን ቢተው፣ ጤናውን እስካልጎዳ ድረስ የራሱ ፈቃድ ነው፤ የሌላውን ሰው ሕመም ግን በትዕግሥት ስም ማቅለል፣ ይችላል፣ ለምዶታል፣ ያልፍለታል እያሉ ማለፍ፣ ያለ ምሕረት የሆነ ሃይማኖት ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ባገኘው ጊዜ ስለ ሕመም ጥቅም አልሰበከለትም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሠረለት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ሲኖር፣ ልጅም ቢሆን አረጋዊም ቢሆን፣ ጌታም ቢሆን አገልጋይም ቢሆን፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጠው፣ አጥሚቱን አብርደህ አቅርብለት፣ ሥራውን ለአንድ ሁለት ቀን አንሣለት፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳም እንዴት እንዳደረ ጠይቀው፤ ብሶብኛል ካለህ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ መልሰህ ውሰደው።